በእጃችን ያለው መብረቅ

በጋው ገፍቶ የፍኖተ ሰላም አየር ከንፈር በሚሰነጥቅበት በጥርና በየካቲት ወራት፣ ማታ የናይለን ሹራቡን በጨለማ ውስጥ የሚያወልቅ ሰው እንደሚፈነዳ ፈንዲሻ ጠቅ ጠቅ የሚል ድምፅ ይሰማል። ትኩር ብሎ ቢመለከትም ሰማያዊ ብልጭታ ያያል። ይህ ብልጭታ ከመብረቅ በመጠን እንጂ በዘር አይለይም። ብዙዎቻችን ግን ከሹራቡ ጋር አብረን አውልቀን እንረሳዋለን። በማግሥቱ ያው ሰው የመሥሪያ ቤቱ ኮምፒዩተር አልነሣ ብሎት ካቻቢቴውን ይዞ ሽፋኑን ሲፈታ፣ ያ የትናንቱ መብረቅ በጣቱ ጫፍ ላይ ተቀምጦ እንደሚጠብቅ አያስበውም።

በከተሞቻችን ኮምፒዩተር የአንድ ሰው ዕቃ እንዳልሆነ እናውቃለን። በወረዳ ጽሕፈት ቤት ያለው አንዱ መኪና የስንቱን ገበሬ የመሬት መዝገብ ይይዛል፤ በትምህርት ቤት ያለው ደግሞ አራትና አምስት ተማሪ በአንድ ጊዜ ይከበዋል። አዲስ አበባ ቢሆን የተበላሸውን አስቀምጦ ሌላ መግዛት ይቻል ይሆናል። በሽንዲ ወይም በማንኩሳ ግን አንዲት የራም ቁራጭ እስክትመጣ ድረስ ሳምንታት ያልፋሉ፤ ባለጉዳዩም «ሲስተም የለም» እየተባለ ይመላለሳል። ስለዚህ የኮምፒዩተርን ሆድ እንዴት መክፈት እንደሚገባ ማወቅ ለጠጋኞች ብቻ የሚተው ዕውቀት አይመስለኝም።

አስቀድሞ የነገሩን ሥር እንመልከት። ሁለት የተለያዩ ነገሮች ተነካክተው ሲለያዩ፣ ይልቁንም ሲፋተጉ፣ አንዱ ከሌላው ጥቂት ኤሌክትሮን ነጥቆ ይሄዳል። ተማሪ ሁሉ እስክሪብቶውን በፀጉሩ አሽቶ ቁራጭ ወረቀት ሲያነሣ ያየው ይህንኑ ነው። የጥንት ግሪኮች ዐምበር በሚባለው፣ ከዛፍ ሙጫ በደነደነ ድንጋይ ላይ አይተውት ነበር። የድንጋዩም ስም በቋንቋቸው «ኤሌክትሮን» ስለ ነበረ፣ እንግሊዛዊው ሐኪም ዊልያም ጊልበርት እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1600 ባሳተመው መጽሐፍ ከዚያ ቃል የዛሬውን ስም አወጣለት። ሳይንቲስቶች ስታቲክ ይሉታል፤ እኛ የሰበቃ ኤሌክትሪክ ብንለው ይስማማል። መብረቅም ከዚሁ ዘር መሆኑ በ18ኛው መቶ ዓመት መካከል በአሜሪካዊው በቤንጃሚን ፍራንክሊንና በጓደኞቹ ሙከራ ታወቀ። በ1753 በሴንት ፒተርስበርግ ጌዎርግ ሪክማን የተባለ ፕሮፌሰር ይህንኑ ለመመርመር ከጣራው ላይ ብረት አቁሞ እስከ ክፍሉ አወረደው። ብረቱ ግን ከመሬት ጋር አልተያያዘም ነበርና መብረቁ ሌላ መንገድ ሲፈልግ በፕሮፌሰሩ አልፎ ገደለው። ይህን የሪክማንን ነገር በአእምሮአችን እንያዘው፤ ወደ ኋላ ያስፈልገናል።

አሁን ወደ ቁጥሩ እንምጣ። የሰው ጣት የሰበቃ ኤሌክትሪክ ሲነዝረው የሚሰማው ኃይሉ ወደ 3000 ቮልት ገደማ ሲደርስ ነው። ከዚያ በታች የሆነው ሁሉ ሳይሰማን ያልፋል። አየሩ እጅግ በደረቀ ጊዜ በምንጣፍ ላይ የሚራመድ ሰው እስከ 35,000 ቮልት ሊሸከም እንደሚችል፣ አየሩ እርጥበት በጠገበ ጊዜ ግን ይኸው እርምጃ ከ1,500 ቮልት እንደማያልፍ የሙያው መጻሕፍት ይናገራሉ። በእኛ አገር ክረምትና በጋ የሚለያዩትን ያህል ነው ማለት ነው። «35,000 ቮልት ተሸክሜ እንዴት አልሞትኩም?» ብሎ የሚጠይቅ ቢኖር፣ መልሱ ከፍታና ብዛት የተለያዩ ነገሮች ናቸው የሚል ነው። አንዲት የውኃ ጠብታ ከጢስ ዓባይ ፏፏቴ አናት ብትወርድ ከረጅም ከፍታ ወረደች እንጂ ወፍጮ አታዞርም። በሰውነታችን ላይ የሚጠራቀመው ኤሌክትሪክም እንደዚያች ጠብታ ነው፤ ቮልቱ ብዙ፣ መጠኑ ግን ኢምንት።

ለሰው ኢምንት የሆነው ግን ለኮምፒዩተሩ ኢምንት አይደለም። በፕሮሰሰሩና በራሙ ውስጥ ያሉት ትራንዚስተሮች በቢሊዮን የሚቆጠሩ ሲሆኑ፣ በእያንዳንዳቸው ውስጥ ኤሌክትሪክ እንዳያልፍ የሚከለክል አንድ ስስ ግድግዳ አለ። የግድግዳው ውፍረት በናኖሜትር የሚለካ ነው፤ የአንድ የራስ ፀጉር ውፍረት ከሃምሳ ሺህ ናኖሜትር በላይ እንደ ሆነ ካሰብን ስስነቱ ይገባናል። እንዲህ ያለው ግድግዳ በጥቂት ቮልት ይበሳል። ስለዚህ አንዳንድ መከላከያ የሌላቸው ክፍሎች ከ100 ቮልት በታች በሆነ የሰበቃ ኤሌክትሪክ ይጎዳሉ። እኛ የምንሰማው ከ3000 ጀምሮ፣ ዕቃው የሚሞተው በ100! በመካከል ያለው ሁሉ ሳናውቀው የምናደርሰው ጉዳት ነው።

የከፋው ደግሞ ሁልጊዜ ወዲያው አለመግደሉ ነው። አንዳንድ ጊዜ ግድግዳው ሳይበሳ ተሰንጥቆ ይቀራል። ኮምፒዩተሩም ተዘግቶ ሲበራ ደኅና ይነሣል፤ ጠጋኙም ምስጋናውንና ሒሳቡን ተቀብሎ ይሄዳል። ከወር ከሁለት ወር በኋላ ግን ያለ ምክንያት እየቆመ፣ የተጻፈውን ሳያስቀምጥ እየጠፋ ያስቸግራል። ያን ጊዜ ጥፋቱ በቫይረስ፣ በመብራት ኃይል ወይም በሠሪው ፋብሪካ ላይ ይላከካል።

እዚህ ላይ ተማሪዎቼ የሚያነሡትን ክርክር ማለፍ አይገባኝም። «እገሌ ስንት ዓመት ሙሉ በባዶ እጁ ሲፈታና ሲገጥም ኖረ፤ አንድም ቀን አላቃጠለም» ይላሉ። እውነት አለው። የዛሬ ቺፖች በእግሮቻቸው ሥር መከላከያ እየተበጀላቸው ነው የሚወጡት፣ ከድሮዎቹ ይልቅ ይታገሣሉ። እኔም በግምቴ በአገራችን ከሰበቃ ኤሌክትሪክ ይልቅ አቧራና የመብራት መዋዠቅ ብዙ ኮምፒዩተር ገድለዋል ባይ ነኝ። ነገር ግን የሰበቃ ኤሌክትሪክ መከላከያው ምንም ገንዘብ አይጠይቅም፤ አንድ ጊዜ ብረት መንካት ብቻ ነው። ደግሞም ያ እገሌ የተባለው ሰው ያቃጠለውን የሚያውቅበት መንገድ የለውም።

በዚህ ነገር ባላገሩ ከከተሜው የተሻለ ዕድል አለው። በእበት በተለቀለቀ መሬት ላይ በባዶ እግሩ የሚቆም፣ የጥጥ ጋቢ የለበሰ ገበሬ፣ የሰበቃው ኤሌክትሪክ ሳይጠራቀም በእግሩ ወደ ምድር ይወርድለታል፤ ጥጥ እርጥበት ይይዛልና። በአንጻሩ የፖሊስተር ሱፉን ለብሶ፣ የላስቲክ ሶል ጫማውን አድርጎ፣ በምንጣፍ ላይ የፕላስቲክ ወንበሩን እየጎተተ የሚውለው የቢሮ ሠራተኛ ሙሉ ቀን ኤሌክትሪክ ሲያመርት ይውላል። (ገበሬውም ቢሆን ኮንጎ ጫማውን ካደረገ ዕድሉን አጣ፤ ፕላስቲክ ነውና።) ከዚህ የተነሣ ኮምፒዩተር ለመክፈት ያሰበ ሰው ሹራቡንና ጃኬቱን አውልቆ፣ የጥጥ ሸሚዝ ለብሶ፣ ከምንጣፍ ርቆ፣ በእንጨት ጠረጴዛ ላይ ቢሠራ ሥራውን በግማሽ አቃለለ። የወጣውን ራም ወይም ቦርድ በፌስታል መጠቅለል ደግሞ ከማይታረሙት ልማዶቻችን አንዱ ነው። ፌስታል ራሱ የሰበቃ ኤሌክትሪክ ጎተራ ነው። አዲስ ዕቃ የመጣበትን ብርማ ከረጢት ማስቀመጥ፣ እርሱ ከሌለ በወረቀት ፖስታ ወይም በካርቶን ማኖር ይሻላል። ቦርዱን በብርማው ከረጢት ላይ አስቀምጦ ኤሌክትሪክ መስጠት ግን አይገባም፤ የከረጢቱ ውጭ ኤሌክትሪክ ያሳልፋልና።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ ደረስን፤ እርሱም የምድር መስመር ነው። በመጻሕፍት «ኮምፒዩተሩን ሳትነቅሉ፣ ማጥፊያውን ብቻ አጥፍታችሁ የኬሱን ብረት ንኩ፤ በእናንተ ላይ ያለው ኤሌክትሪክ በምድር መስመሩ ይወርዳል» የሚል ምክር አለ። ይህ ምክር የተጻፈው ሶኬቱ ሁሉ እውነተኛ የምድር መስመር ላለው አገር ነው። በእኛ ከተሞች፣ በፍኖተ ሰላምም ሆነ በቡሬ፣ አሮጌ ቤቶች ሁለት ሽቦ ብቻ የተዘረጋባቸው ናቸው። ሶኬቱ የምድር ጥርስ ቢኖረውም ከጀርባው ሽቦ የሌለበት ይበዛል። ዲቫይደሩም ብዙ ጊዜ ሁለት ሽቦ ብቻ አለው። በዚህ ላይ ስፒናችን ገልብጠን የምንሰካው ዓይነት ስለ ሆነ፣ ማጥፊያው የሚቆርጠው የትኛውን ሽቦ እንደ ሆነ ማንም አያውቅም። የሚቆርጠው ባዶውን ሽቦ ከሆነ፣ ኮምፒዩተሩ «ጠፍቶ» ሳለ 220ው ቮልት ውስጡ ገብቶ ይጠብቃል። ስለዚህ በእኛ ዘንድ ሕጉ አንድ ነው፤ ስፒናውን መንቀል። ማጥፊያ ማጥፋት መንቀል አይደለም።

ብዙ ሰው የኮምፒዩተሩን ኬስ ሲነካ፣ በተለይም በባዶ እግሩ ሲሆን ወይም በክንዱ ውስጠኛ ክፍል ሲነካው፣ እንደ ጉንዳን ውርወራ የሚነዝር ነገር ይሰማዋል፤ ይህንም «ስታቲክ ነው» ብሎ ይተወዋል። ስታቲክ አይደለም። የሰበቃ ኤሌክትሪክ አንድ ጊዜ ጠቅ ብሎ ያልቃል፤ ይህ ግን እስከተነካ ድረስ አያቋርጥም። ምክንያቱ እንዲህ ነው። በፓወር ሰፕላዩ ውስጥ የመስመሩን ጫጫታ የሚያጣሩ ሁለት ትንንሽ ካፓሲተሮች ከሁለቱ ሽቦዎች ወደ ኬሱ ተያይዘዋል፤ የሚያጣሩትንም ወደ ምድር መስመር እንዲያፈስሱ ታስበው የተሠሩ ናቸው። የምድር መስመር በሌለ ጊዜ ኬሱ በሁለቱ መካከል ተንጠልጥሎ የ220ውን ግማሽ፣ ወደ 110 ቮልት ገደማ፣ ይይዛል። የሚያልፈው ጅረት ብዙውን ጊዜ ከአንድ ሚሊአምፐር በታች ስለ ሆነ አይገድልም፤ የሰውን ሕይወት ለመጠበቅ የሚሠሩት ብሬከሮች በ30 ሚሊአምፐር እንዲቆርጡ የተደረጉ ናቸውና። ሆኖም ነዘሩ «የምድር መስመር የለኝም» የሚል የኮምፒዩተሩ ጩኸት ነው። በውስጡ አንድ ሽቦ ተልጦ ኬሱን በነካ ዕለት መንገዱ የሚሆነው ልክ እንደ ሪክማን የነካው ሰው ነው።

ይኸው ተንጠልጣይ ኤሌክትሪክ ሌላም ጥፋት ያደርሳል። የምድር መስመር የሌለውን ኮምፒዩተርና ሌላ መስመር ላይ የተሰካ ፕሪንተር ወይም ቴሌቪዥን ሁለቱም በርተው ሳሉ በገመድ ስናገናኛቸው፣ ልዩነታቸው በዚያች ቀጭን ገመድ በኩል ይተካከላል። ገመዱ ሲገባ ብልጭ ብሎ ወደቡ የሚቃጠለው በዚህ ምክንያት ነው። ሁለቱንም ነቅሎ፣ ገመዱን አገናኝቶ፣ ከዚያ መሰካት ማንንም አያደክምም። መድኃኒቱ ግን የታወቀ ነው፤ በቤቱ ጥግ እርጥበት በማይለየው መሬት ውስጥ ረዘም ያለ ዘንግ ቀብሮ፣ በወፍራም ሽቦ ከሶኬቱ የምድር ጥርስ ጋር ማገናኘት። ይህ የባለሙያ ሥራ ነው። በጋ ሲሆን መሬቱን ውኃ ማጠጣት ይረዳል። የመስኮት ብረትና የጣራ ቆርቆሮ የምድር መስመር አይደሉም። የውኃ ቧንቧም ዛሬ ፕላስቲክ እየሆነ ስለ ሄደ አይታመንም።

እንግዲህ ስፒናው ተነቅሎ፣ የምድር መስመርም ከሌለ፣ ኬሱን መንካት ምን ይጠቅማል? የሚል ጥያቄ ይነሣል። ዕቃን የሚጎዳው ኤሌክትሪክ መኖሩ ሳይሆን የልኩ ልዩነት ነው። ሁለት ጋኖች በቧንቧ ተያይዘው የውኃቸው ልክ እኩል ከሆነ ከአንዱ ወደ ሌላው የሚፈስ አይኖርም። ያልተቀባውን የኬሱን ብረት ስንነካ እኛና ኮምፒዩተሩ አንድ ልክ ላይ እንሆናለን፤ ከዚያ በኋላ ራሙን ብናወጣ ምንም አይፈስም። ችግሩ በተንቀሳቀስን፣ ከወንበር በተነሣን ቁጥር ልኩ እንደገና መለየቱ ነው። ስለዚህ ተነሥቶ የተመለሰ ሰው ከሁሉ አስቀድሞ ብረቱን ይንካ፤ የግራ ክንዱንም እየሠራ ከኬሱ ብረት ባይለይ መልካም ነው። ራሙንና ካርዱን በጠርዙ መያዝ፣ ወርቅማ ጥርሶቹን አለመንካትም ከዚሁ ሥርዓት ይቆጠራል።

ባለሙያዎች በእጅ አንጓ ላይ የሚያስሩት ልዩ ማሰሪያ አለ። በገመዱ ውስጥ አንድ ሚሊዮን ኦም የሚከላከል ሬዚስተር ተደብቋል። የዚህ ጥበብ ደስ ይላል፤ የሰበቃው ኤሌክትሪክ ቀስ ብሎ ይወርዳል፤ በስሕተት 220 ቮልት ቢነካ ግን በሰውየው የሚያልፈው ከአንድ ሚሊአምፐር ሩብ ያነሰ ይሆናል። አንዳንድ ብልህ ነን ባዮች ባዶ የመዳብ ሽቦ በእጃቸው ጠምጥመው ከብረት ጋር ያስራሉ። ይህ ሬዚስተር የሌለው ማሰሪያ ሰውነትን የኤሌክትሪክ መንገድ ማድረግ ነውና ከነጭራሹ አለማሰር ይሻላል። ገመድ የሌለው ማሰሪያ እያሉ የሚሸጡትም አለ፤ ይህኛው የእጅ ጌጥ ነው።

ከተነቀለም በኋላ ወዲያው እጅ መስደድ አይገባም። ካፓሲተር እንደ እንስራ ነው፤ ምንጩ ቢደርቅ እንስራው እንደ ሞላ ይቆያል። በፓወር ሰፕላዩ ውስጥ ያለው ትልቁ ከ300 ቮልት በላይ ይይዛል። ስፒናው ተነቅሎ የማብሪያውን ቁልፍ ለጥቂት ሴኮንድ መጫን የቀረውን ያራግፋል። የፓወር ሰፕላዩን የራሱን ሣጥን ግን ባለሙያ ያልሆነ ሰው ፈጽሞ አይክፈተው። በየመጋዘኑ ተጥሎ የሚገኘው ጀርባው ወፍራም የሆነ የድሮ ስክሪንም እንዲሁ ነው፤ በመስተዋቱ ውስጥ ሃያ ሺህ ቮልትና ከዚያ በላይ ይዞ፣ ከተነቀለም በኋላ ሳይለቅ ሊቆይ ይችላል። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ከ2004 ጀምሮ ለሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች የታደሉት የፕላዝማ ቴሌቪዥኖችም ከዚሁ ወገን ናቸው፤ በሥዕሉ መስተዋት ጀርባ ያለው ኃይል ለጨዋታ አይሆንም። ቀለበትና የብረት ሰዓት ይውለቁ፤ የአንገት መስቀልም ከሸሚዝ ውስጥ ይግባ። ማተቡ ጥጥ ነውና ግድ የለም።

ስለ አቧራ ጥቂት ልበል። ጃቢ ጠህናንና ቡሬ የበርበሬ አገር ናቸው፤ በነጋዴ መጋዘን የዋለ ኮምፒዩተር ሲከፈት ከፋኑ ውስጥ የሚወጣው አቧራ ጠጋኙን ያስነጥሰዋል። ብዙ ሰው ኮምፒዩተሩን ተሸክሞ ጎሚስታ ቤት ሄዶ በጎማ መንፊያ ያስነፋል። ሐሳቡ ክፉ አይደለም፤ ነገር ግን የኮምፕሬሰሩ አየር ከጋኑ ውኃና ዘይት ይዞ ይወጣል፤ ኃይሉም ለከባድ መኪና ጎማ የተመጠነ ነው። ግድ ከሆነ አስቀድሞ አየሩን ወደ ውጭ ለቅቆ ውኃውን ማስወጣት፣ ከሩቅ መንፋት፣ ፋኑንም እንዳይሽከረከር በጣት መያዝ ያስፈልጋል፤ ያለ ልክ የተሽከረከረ ፋን ይሰበራልና። ለስላሳ የፀጉር ብሩሽ ለቤት ይበቃል። የራሙን ጥርስ ለመጥረግ ንጹሕ አልኮል እንጂ አረቄ አይሆንም፤ ውኃ አለበት፤ ለእንግዳ ይቆይ።

ክረምት ሲገባ ነገሩ ይገለበጣል። አየሩ ይርሳል፤ ሹራባችን ጠቅ ማለቱን ይተዋል፤ በትልቁ መብረቅ ይተካል። በዳሞት ሰማይ ላይ ከሰዓት በኋላ ደመናው ሲጠቁር ስፒናውን መንቀል፣ የኢንተርኔት ገመድ ካለም እርሱንም አብሮ መንቀል ነው፤ መብረቅ በሁለቱም ይመጣል። ስታብላይዘር መዋዠቅን ያስተካክላል እንጂ መብረቅን አይመልስም። ነጎድጓዱ ከጀመረ በኋላ ግን ገመድ ለመንቀል አይሮጥ፤ ዕቃው ይቃጠል።

ምንም ተጠንቅቀን ኮረንቲ ሰው ቢይዝ፣ የተያዘውን በእጅ መጎተት ሁለተኛ መያዝ ነው። ቆጣሪው አጠገብ ያለውን ብሬከር ማጥፋት ወይም ስፒናውን መንቀል፤ ይህ ካልተቻለ በደረቅ እንጨት፣ በደረቅ ነገር ላይ ቆሞ ማላቀቅ ያስፈልጋል። ከተላቀቀ በኋላ ትንፋሽ ከሌለው ርዳታ እየጠሩ ደረቱን መካከል ላይ በሁለት እጅ በጥብቅና በፍጥነት፣ በደቂቃ ከ100 እስከ 120 ጊዜ መጫን ነው፤ ሐኪም ቤት እስኪደርስም አያቋርጡት።

የላፕቶፕና የስልክ ባትሪ፣ በተለይም እንደ አምባሻ የሚያብጠው፣ የራሱ ሕግ ያለው ስለ ሆነ ለሚመጣው ሳምንት አቆይተነዋል። እስከዚያ ያበጠ ባትሪ ያለው ሰው አይውጋው፤ ኃይልም አይሙላው።